የሰንበት ቀዳሾች ማደሪያ፦ አነስተኛ ቤት በአነስተኛ ወጪ ስለ መሥራት

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የተዘጋጀ ትምህርት

በገጠር ያሉ ብዙ አጥቢያዎች ከአገልጋዮቻቸው መኖሪያ የራቁ ናቸው። ቄሱ በአንድ ጎጥ፣ ዲያቆኑ በሌላ ጎጥ ይኖራል፤ መሪጌታው ደግሞ ወንዝ ተሻግሮ ይመጣል። ቅዳሴ በሥርዓቱ የሚፈጸመው በአምስት አገልጋዮች፣ ማለትም በሁለት ካህናትና በሦስት ዲያቆናት ነውና፣ ከአምስቱ አንዱ በወንዝ ሙላት ማዶ ቢቀር ቅዳሴው ሊታጎል ይችላል። ስለዚህ አገልጋዮቹ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መጥተው፣ ሌሊቱን በሰዓታቱና በማኅሌቱ አገልግለው፣ እሑድ ቅዳሴው ሲፈጸም እስኪመለሱ ድረስ ጎናቸውን የሚያሳርፉበት ቤት ለአጥቢያው ቅንጦት ሳይሆን የአገልግሎቱ አንድ ክፍል ነው።

ይህን ችግር የተረዱ አጥቢያዎች ብዙ ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ሲከተሉ ይታያሉ። አንዳንዶቹ አገልጋዮቹን በዕቃ ቤት ወለል ወይም በደጀ ሰላም ጥግ ያሳድራሉ። ንዋያተ ቅድሳት በተቀመጡበት ቤት ማደር ግን ለዕቃውም ለሰውም አይበጅም። ሌሎቹ ደግሞ ከዐቅም በላይ የሆነ ሰፊ ቤት ይጀምራሉ፤ ገንዘቡ ግድግዳው ላይ ያልቅና ጣሪያ ያላገኘው ግድግዳ በመጀመሪያው ክረምት ይናዳል። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው ጭቃና እንጨት ብቻ አይደለም። ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው የሰጡ ምእመናን ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቁ እጃቸው ያጥራል፤ የኮሚቴው ቃልም ክብደቱን ያጣል። ጌታችን በወንጌል ስለ ግንብ ሠሪው የተናገረው ምሳሌ (ሉቃ. 14፥28-30) የሚነቅፈው የሰውየውን ድኽነት ሳይሆን ሳያሰላ መጀመሩን መሆኑን እናስተውል።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። የአነስተኛ ቤት ዋነኛ ጠላት ውኃ ነው። ስለዚህ ጥሬ ገንዘባችሁን ውኃን ከታች በሚከለክለው መሠረትና ከላይ በሚከለክለው ጣሪያ ላይ አውሉት፤ በመካከል ያለውን ግድግዳ ለአገሩ አፈርና ለምእመናኑ ጉልበት ተዉት። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ሁሉ የዚህ አሳብ ማብራሪያ ነው።

1. የቤቱን መጠን ከአገልግሎቱ መወሰን

ሥራው የሚጀምረው “ምን ያህል ገንዘብ አለን?” ወይም “የጎረቤት አጥቢያ ምን ያህል ቤት ሠራ?” በማለት አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ “በዚህ ቤት ስንት ሰው፣ ለስንት ሌሊት፣ ምን ሊያደርግ ያድራል?” የሚል ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ አምስት አገልጋዮች፣ ከቅዳሜ እስከ እሑድና በበዓላት ዋዜማ ያድሩበታል። ሁለት ካህናት በአንዱ ክፍል፣ ሦስት ዲያቆናት በሌላው ክፍል ቢያድሩ ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 6 ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይበቃል። ይህም 24 ካሬ ሜትር ነው። ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው ወደ ውጭ የሚከፈት የራሳቸው በር ቢኖራቸው መተላለፊያ አያስፈልግም። አልጋ መግዛት ሳያስፈልግም በግድግዳው ጥግ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ መደብ ለመኝታም ለመቀመጫም ያገለግላል።

ወጥ ቤትስ ያስፈልጋልን? ቀዳሾች ቅዳሴው እስኪፈጸም እህል ውኃ አይቀምሱም፤ ከቅዳሴ በኋላም የሚስተናገዱት በደጀ ሰላም ነው። ስለዚህ በማደሪያው ውስጥ ምድጃ መሥራት ወጪን ከመጨመርና እንጨትና ጭድ ያለበትን ቤት ለእሳት ከማጋለጥ በቀር ጥቅም የለውም። ለብርሃንም ቢሆን በመኝታ ክፍል ጧፍ ከማብራት ይልቅ አነስተኛ የፀሐይ ብርሃን መብራት ይመረጣል።

የቤቱ ቅርጽም በወጪው ላይ ለውጥ ያመጣል። ጎኖቹ 5 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ቤት 25 ካሬ ሜትር ስፋትና 20 ሜትር ዙሪያ ግድግዳ አለው። ወርዱ 2.5 ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሜትር የሆነ ቤትም ስፋቱ ያው 25 ካሬ ሜትር ነው፤ ዙሪያው ግን 25 ሜትር ይሆናል። በሁለተኛው ቤት ውስጥ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይጨመር የመሠረቱ ድንጋይ፣ የግድግዳው እንጨትና ጭቃ በሩብ ይበልጣል። ቀጥ ያለ፣ ያልተንዛዛ፣ ማዕዘኑ አራት ብቻ የሆነ ቤት ከሁሉ ይረክሳል።

2. ቦታ መምረጥ

በአጥቢያው ይዞታ ውስጥ ለማደሪያው የሚሆነው ቦታ ከቤተ መቅደሱና ከቤተልሔሙ ራቅ ያለ፣ የመቃብር ስፍራ ያልሆነና ጥንታዊ ዛፍ የማይቆረጥበት ሊሆን ይገባዋል። የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ በብዙ አካባቢ የጽድ፣ የወይራና የዋንዛ ዘር ተጠብቆ የቆየበት የመጨረሻው ደን ነውና፣ አንድ ቤት ለመሥራት ብሎ እርሱን መመንጠር ትርፉ ጉዳት ነው። ለቤቱ የሚሆነው እንጨት ከምእመናን የባሕር ዛፍ ተክል ይገኛል።

ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መያዝ ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ የሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ፣ የወረዳው ቤተ ክህነት ፈቃድና ቦታው የአጥቢያው ይዞታ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ናቸው። አጥቢያው ጥንታዊ ከሆነና በቅጽሩ ውስጥ የቆየ ፍራሽ፣ መቃብር ወይም ቅርስ ካለ ጉዳዩ ቅርስን በሚመለከተው ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ሥር ሊወድቅ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል። የዳር ድንበር ክርክር ያለበት መሬት ላይ ደግሞ ክርክሩ እስኪፈታ ድረስ አንድም ድንጋይ አይቀመጥ።

ከዚህ በኋላ መሬቱ ራሱ ይመርመር። ጥሩ ቦታ ጥቂት ተዳፋት ያለውና የዝናብ ውኃ የማይተኛበት ነው። ይህን ለማወቅ የተሻለው ጊዜ ክረምት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ውኃ የሚቋጥረውን ሥፍራ እረኞች ሳይቀሩ ያውቁታልና እነርሱንም ጠይቁ። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር ዋልካ አፈር ለቤት አደገኛ ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል፤ በላዩ ያለውን ግንብ በየዓመቱ እያነሣ ይጥለዋል። ጥቁሩ አፈር እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ብቻ ከሆነ ጠርጎ አውጥቶ ከሥሩ ያለውን ጠንካራ መሬት ማግኘት ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ቦታ መፈለግ ለኪስ ይቀላል።

መጸዳጃ ቤቱ ከቅጽሩ ውጭ፣ ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ ውኃ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከውኃው በታች ባለው ተዳፋት በኩል ይቆፈር። ይህን ሳያስቡ ቤቱን ብቻ መሥራት የአካባቢውን ጤና መዘንጋት ነው።

3. ከአባቶች የሕንፃ ጥበብ ምን እንማራለን?

“የጭቃ ቤት አይቆይም” የሚል አነጋገር በኮሚቴዎች ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ይሰማል። የአገራችን የሕንፃ ታሪክ ግን እንዲህ አይልም። በአክሱም ዘመን የተሠሩት ታላላቅ ሕንፃዎች ድንጋዮቻቸው የተያያዙት በጭቃ ነበር። ነገር ግን ግድግዳው በቀጥታ ከመሬት አልተነሣም፤ በደረጃ በደረጃ በተሠራ ከፍ ያለ የድንጋይ መደብ ላይ ቆመ እንጂ። ዱንጉር በተባለው ስፍራ የሚታየው ፍራሽ ለዚህ ምስክር ነው። በደብረ ዳሞ የሚገኘው የአቡነ አረጋዊ ቤተ ክርስቲያንም በድንጋይና በመካከሉ በተጋደሙ እንጨቶች የተሠራ ነው።

በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከእንጨትና ከድንጋይ ተደራርቦ በዋሻ ውስጥ ታንጿል። ዝናብ የማይደርስበት እንጨት ስንት መቶ ዓመታት እንደሚቆይ ይህ ቤተ ክርስቲያን ያስረዳል። በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የተፈለፈሉት ቦዮችም የዝናብ ውኃ በሕንፃው ሥር እንዳይተኛ የተዘጋጁ መውረጃዎች ናቸው። ትምህርቱ አንድ ነው፤ ዕድሜን የሚወስነው የቁሳቁሱ ውድነት ሳይሆን ከውኃ መጠበቁ ነው።

4. መሠረቱ

በመጀመሪያ የቤቱ ማዕዘኖች በገመድና በችካል ይለኩ። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ከማዕዘኑ ተነሥቶ በአንዱ ገመድ ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ለክቶ ምልክት ማድረግ ነው። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። በመጨረሻም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ የሚለኩት ሁለት ርዝመቶች እኩል መሆናቸው ይረጋገጥ። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ሲሆን፣ ቢዘለል ግን ስሕተቱ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ሲባክን ይታያል።

የመሠረቱ ቦይ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ፣ ቢያንስ 60 ሣንቲ ሜትር ጥልቀትና 50 ሣንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ይቆፈር። ድንጋዩ ከመሬት በላይም 40 ሣንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ 40 ሣንቲ ሜትር ውፍረት ይዞ ይገንባ። ይህ ከመሬት በላይ የሚታየው ግንብ የጣሪያው ፍንጣቂ ግድግዳውን እንዳይመታ፣ እርጥበትም ወደ ጭቃው እንዳይወጣ፣ ምስጥም ሳይታይ ወደ እንጨቱ እንዳይደርስ ያደርጋል። የዙሪያው ግድግዳ 20 ሜትር፣ የመካከሉ 4 ሜትር ስለሆነ ለጠቅላላው 24 ሜትር ወደ 11 ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብ ይሆናል። ድንጋዩን ከአካባቢው መልቀምና ማጓጓዝ የምእመናን ድርሻ ሊሆን ይችላል፤ ግንባታው ግን ለሙያተኛ ግንበኛ ይሰጥ።

ግንበኛውን ስትቆጣጠሩ ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ድንጋዮቹ እንደ ጡብ ተጠላልፈው እንጂ መጋጠሚያቸው በአንድ ቀጥታ መሥመር ወደ ላይ እንዳይሄድ፤ ሁለተኛ፣ በየአንድ ሜትሩ ከግንቡ አንድ ፊት ወደ ሌላው የሚያልፍ ረጅም ማሠሪያ ድንጋይ እንዲገባ፤ ሦስተኛ፣ ከመሬት በላይ ያለው ክፍል ከውጭ በኩል መጋጠሚያው በሲሚንቶ እንዲደፈን። ሲሚንቶ ለመቆጠብ ከፈለጋችሁ በሌላው ቦታ ቆጥቡ እንጂ ከዚህ አትቀንሱ።

በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ የሚያዘነብል የድንጋይ ንጣፍ፣ ከላይኛው ተዳፋት በኩል ደግሞ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይሠራ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የአንድ ቀን ደቦ ይበቃዋል።

5. ጣሪያው ከግድግዳው ጭቃ በፊት

በእኛ አገር የእንጨትና የጭቃ ቤት አሠራር የእንጨቱ አጽም ከቆመ በኋላ ጣሪያው ይከደናል፤ ምርጊቱ ከዚያ ይከተላል። ይህ ልማድ ጥበብ ያለበት ነው፤ ጭቃው በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ያልታሰበ ዝናብም አያጥበውም። ለመቸኮል ሲባል ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ አይገባም።

የጣሪያው ክፈፍ በአራቱም በኩል ከግድግዳው 60 ሣንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ። ይህ ሲሆን ጣሪያው ከላይ ሲታይ 5.2 ሜትር በ7.2 ሜትር የሆነ መሬት ይሸፍናል። ሁለት ክንፍ ያለው ጣሪያ ሆኖ የመካከሉ ጫፍ ከክፈፉ 95 ሣንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ውኃው በደንብ ይወርዳል። የእያንዳንዱ ክንፍ ርዝመት 2.77 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ጠቅላላ የጣሪያው ገጽ 40 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ለመደራረቢያና ለቁርጥራጭ ከ15 እስከ 20 በመቶ ሲጨመር የሚገዛው ቆርቆሮ ከ46 እስከ 48 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሻጩ ዘንድ የምትሄዱት ይህን ቁጥር ይዛችሁ ነው፤ “ለትንሽ ቤት የሚበቃ” ብሎ መግዛት ወይ ትርፍ ወይ ጎዶሎ ያመጣል።

ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ኮሚቴው ይወቅ። ባለ 32 ጌጅ ከባለ 28 ጌጅ የሳሳ ነው፤ ዋጋው ቢቀንስም በነፋስ ይጣመማል፣ ቶሎም ይዝጋል። ሁለት ሻጮች የተለያየ ዋጋ ሲሰጡ ጌጁ አንድ መሆኑ ሳይረጋገጥ ዋጋ አይነጻጸር። ምስማሩ ጎማ ያለው ይሁን፤ የሚመታውም በቆርቆሮው ሞገድ ጫፍ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ አይደለም። የጣሪያው እንጨት ከግድግዳው ቋሚዎች ጋር በሽቦ ጠብቆ ካልታሰረ ብርቱ ነፋስ ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ ሊያነሣው ይችላል።

ጣሪያው ሌላም በረከት አለው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ጣሪያ ከ37 ካሬ ሜትር በላይ ስለሚሸፍን በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ አካባቢ ወደ 30,000 ሊትር ይወርድበታል። ከዚህ ውስጥ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 24,000 ሊትር ይቀራል። በአሸንዳና በገንዳ የተጠራቀመ ውኃ ለእጅና ለእግር መታጠቢያ፣ ለችግኝ ማጠጫም ይሆናል፤ ግድግዳውንም ከፍንጣቂ ያድነዋል። ለገንዳ ገንዘብ ባይኖር እንኳ አሸንዳው ቀድሞ ይሰቀል።

6. ግድግዳው

የባሕር ዛፉ እንጨት እንደተቆረጠ ወዲያው ይላጥ፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በጥላ ሥር ተደርድሮም ለጥቂት ወራት ይድረቅ። እርጥብ እንጨት ቤት ውስጥ ሆኖ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ምርጊቱንም ይሰነጥቀዋል። ብዙ ቤቶች የሚወድቁት ቋሚው መሬት ውስጥ ተቀብሮ በምስጥ ስለሚበላ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም አፈርንና ውኃን ይበክላል። የሚሻለው በድንጋዩ ግንብ ላይ አግዳሚ እንጨት ማጋደም፣ አግዳሚውን በግንቡ ውስጥ አስቀድሞ በተቀበረ ፌሮ ማሰር፣ ቋሚዎቹንም በየ50 ሣንቲ ሜትሩ በአግዳሚው ላይ ማቆም ነው። በአራቱ ማዕዘኖች በሁለቱም ጎን ሰያፍ ድጋፍ ይመታ፤ ቤቱ ወደ ጎን እንዳያዘነብል የሚይዘው እርሱ ነው።

ለምርጊት የሚሆነው አፈር ከላይኛው ለም አፈር ሥር ያለው ነው፤ ሥራሥርና ፍግ ያለበት አፈር ይበሰብሳል። አፈሩን ለመፈተን እርጥብ አድርጋችሁ 3 ሣንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ረጅም ጥቅል ሥሩ፤ ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይም ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ ግፉት። 5 ሣንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተቆረጠ አሸዋው በዝቷል፤ ከ5 እስከ 15 ሣንቲ ሜትር ላይ ከተቆረጠ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ከተንጠለጠለ ሙጫው በዝቷልና ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አሸዋ ይጨመርበት።

ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በየጥቂት ቀኑ ውኃ እየተጨመረበትና እየተረገጠ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ። የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ እስኪደርቅና የሚያወጣውን ስንጥቅ አውጥቶ እስኪጨርስ ይጠበቅ፤ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ይከተል። በመጨረሻ በላመ ጭቃና በእበት ተለስኖ በኖራ ይቀባ። እዚህ ላይ አንድ ምክር በአጽንዖት እንሰጣለን፤ በጭቃ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስን አትለስኑ። ሲሚንቶውና ጭቃው በእርጥበትና በሙቀት አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ልስኑ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባ ውኃም ከበስተጀርባው ተደብቆ ጭቃውን ያበሰብሰዋል። ከውጭ ያማረ ግድግዳ በውስጡ ባዶ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

7. ገንዘብ፣ ዓይነትና ጉልበት

የኮሚቴው ሒሳብ በሦስት ዓምድ ይከፈል። የመጀመሪያው ጥሬ ገንዘብ የግድ የሚጠይቀው ነው፤ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ሽቦ፣ ፌሮ፣ ሲሚንቶ፣ የበርና የመስኮት ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ የግንበኛና የአናጢ ዋጋ። ሁለተኛው በዓይነት የሚሰጠው ነው፤ ድንጋይ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጭድ፣ እበት። ሦስተኛው ጉልበት ነው፤ ቁፋሮ፣ ማጓጓዝ፣ ጭቃ ማቡካት፣ ምርጊት። የሦስቱም ዓምድ ስጦታ ይመዝገብ። አንዲት እናት ያመጣችው አንድ ሸክም ጭድ ከከተማ ከመጣው ብር ጋር በአንድ መዝገብ ሲነበብ ቤቱ የሁሉም ይሆናል። የተሰበሰበው ገንዘብ በሕጋዊ ደረሰኝ ገቢ ይሁን፤ የገቢና የወጪ ዝርዝሩም ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን በየወሩ ይነበብ። በጥሬ ገንዘቡ ዓምድ ላይ ለዋጋ ጭማሪ ቢያንስ 10 በመቶ መጠባበቂያ ይያዝ።

ደቦ ነጻ ነው ብላችሁ አታስቡ፤ እንጀራና ጠላ ይፈልጋል፣ የሰውንም የሥራ ቀን ይወስዳል። ለእያንዳንዱ ደቦ የሚያስፈልገው ሰው፣ መሣሪያና ሥራ አስቀድሞ ይታወቅ። አርባ ሰው ተጠርቶ አካፋው አምስት ከሆነ ሠላሳ አምስቱ ቆሞ ይውልና በሚቀጥለው ጥሪ ይቀራል።

በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ለመርዳት ሲፈቅዱ ብዙ ጊዜ የብሎኬትና የሸክላ ንጣፍ ቤት ያስባሉ። አሳባቸው የፍቅር ነው፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ያልተሸፈነ የብሎኬት ዕቅድ ለአጥቢያው ዕዳ ይሆናል። “ቤት ሥሩልን” ከማለት ይልቅ “ይህን ያህል ካሬ ሜትር፣ ይህን ጌጅ የሆነ ቆርቆሮ ግዙልን” ብሎ በቁጥር መጠየቅ ለሰጪውም ለተቀባዩም ግልጽ ነው።

ከሁሉ በላይ ኮሚቴው ይህን አንድ ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ያጽና፦ ቆርቆሮው ተገዝቶ ዕቃ ቤት ሳይገባ የመሠረቱ ቁፋሮ አይጀመርም። ቆርቆሮ በደረቅ ቦታ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ቢቆይ አይጎዳም። ያልተከደነ ግድግዳ ግን አንድ ክረምት አያልፍም። ይህን ደንብ የያዘ አጥቢያ ሥራው ቢዘገይበት እንኳ የተሰጠው ስጦታ አይፈርስበትም።

8. የሥራው ጊዜ

ጥቅምት፦ ቃለ ጉባኤና ፈቃድ፤ ባሕር ዛፍ መቁረጥ፣ መላጥና መደርደር።

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ ገበሬው በአጨዳና በውቂያ ላይ ስለሆነ ደቦ አይጠራ። ገንዘብ ይሰብሰብ፣ ቆርቆሮ ይገዛ፤ ከዐውድማው ጭድ ይያዝ።

ጥር፦ ከጥምቀት በኋላ ድንጋይ ማጓጓዝ፣ መሠረት መቆፈርና መገንባት።

የካቲት፦ የእንጨቱን አጽም ማቆምና ጣሪያ መክደን።

መጋቢትና ሚያዝያ፦ ምርጊት። ይህ ዐቢይ ጾም የሚውልበት ጊዜ ነውና ከባዱ ሥራ በጠዋት ይሁን፤ በዓላትም አስቀድመው ይቆጠሩ። የበልግ ዝናብ በሚያገኙ እንደ ወሎ ባሉ አካባቢዎች ጣሪያው ቀድሞ መከደኑ የሚጠቅመው በተለይ በዚህ ጊዜ ነው።

ግንቦት፦ ወለል መጠቅጠቅና መለሰን፣ በርና መስኮት መግጠም፣ አሸንዳ መስቀልና ቦይ መቅደድ። ክረምቱ ሲገባ ቤቱ ያለቀ ይሆናል።

ገንዘቡ እስከ የካቲት ካልተሟላ እንጨቱንና ቆርቆሮውን ጠብቆ ወደሚቀጥለው ዓመት ማሻገር እንጂ በሚያዝያ መጀመር አይመከርም።

9. ቤቱ ካለቀ በኋላ

የጭቃ ቤት እንደ ሰው ልብስ ነው፤ ሲቀደድ ወዲያው ከተጠቀመ ይቆያል። በየዓመቱ ከክረምት በፊት፣ በግንቦት፣ አንድ የጥገና ቀን ይወሰን። አሸንዳው ይጠረግ፣ የላላ ምስማር ይጠበቅ፣ ስንጥቅ ይመረግ፣ ቦዩ ይከፈት፣ የምስጥ መንገድ በግንቡ ላይ ከታየ ይጥፋ። ይህን የሚያስተባብር አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል በስም ይመደብ፤ “ሁላችንም እናየዋለን” የተባለ ቤት ማንም አያየውም። ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ሆኖ፣ የሚያድሩት አገልጋዮች ሲገቡና ሲወጡ ንጽሕናውን ይረከቡ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእኛ አጥቢያ ባለፈው ዓመት ቀዳሽ በመጓደሉ ቅዳሴ የታጎለበት ወይም የዘገየበት ዕለት ነበረን? ምክንያቱስ ምን ነበር?

2. በይዞታችን ውስጥ በክረምት ውኃ የማይተኛበት፣ መቃብርና ጥንታዊ ዛፍ የሌለበት ቦታ የት ነው?

3. ከሦስቱ ዓምዶች፣ ማለትም ከገንዘብ፣ ከዓይነትና ከጉልበት፣ በእጃችን በይበልጥ ያለው የትኛው ነው? የጎደለውንስ ከማን እንጠይቅ?

4. በአጥቢያችን ተጀምሮ ያልተፈጸመ ሥራ አለን? ካለ፣ አዲስ ከመጀመር በፊት እርሱን መፈጸም አይቀድምምን?

5. ቤቱ ከተሠራ በኋላ የግንቦቱን የጥገና ቀን የሚያስተባብር ማን ይሁን?

አገልጋይ በደረቅ ቤት አድሮ፣ በንቁ ልቡና ለኪዳን ሲነሣ፣ ለቤቱ ድንጋይ የተሸከመው ምእመን የድካሙን ፍሬ በቅዳሴው ውስጥ ያገኘዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።